የማን ቢላ? የሮም መሥዋዕት፣ የቆሮንቶስ ሥጋ ገበያና የወሎ ማዕድ

ሐይቅ ከተማ ወይም አምባሰል ውስጥ ሰርግ ተጠርታችሁ የምታውቁ አገልጋዮች፣ ከመቀመጣችሁ በፊት በየትኛው በኩል እንደምትበሉ መጠየቃችሁ አይቀርም። ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ወይም በሬ ለብቻ ይገዛል፤ አራጁም ሙስሊም ነው። ሙስሊም ሲደግስም ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። ድስቱ ይለያል፤ ወጥ ሠሪዋም ትለያለች። አንዱ «በስመ አብ»፣ ሌላው «ቢስሚላህ» ብሎ ያርዳል። በአንድ ቅሬ የሚረዳዳ፣ በሐዘንም በደስታም የማይለያይ ሕዝብ ሥጋ ላይ ሲደርስ ማዕዱን ይለያል።

ታዲያ ከሙስሊም ቤተ ሰብ ወጥቶ ጌታን የተቀበለ ወጣት የት ይቀመጥ? ብዙዎቻችን 1ኛ ቆሮንቶስ 8ንና 10ን ገልጠን ፈጥነን እንመልሳለን። አንዱ መጋቢ «ለጣዖት የተሠዋ ነው፣ አትንካ» ይላል፤ ሌላው «ሳትጠይቅ ብላ» ይላል። ሁለቱም ጥቅስ አላቸው። የጐደላቸው ጳውሎስ የጻፈበት ዓለም እንስሳን እንዴት ያርድ እንደ ነበር ማወቅ ነው።

ሮማውያንን በሬ ያርስላቸው፣ በቅሎና አህያ ይጭንላቸው ነበር፤ ይህ ለአምባሰል ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። እንስሳት ግን የአማልክትን ፈቃድ መጠየቂያም ነበሩ። አዛዦች ከውጊያ በፊት የተቀደሱ የሚባሉ ዶሮዎች እህል ሲለቅሙ አይተው ገድ ይጠይቁ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ249 ፑብሊዩስ ክላውዲዩስ ፑልኬር አልበላም ያሉትን ዶሮዎች ባሕር ውስጥ አስጥሎ ተዋግቶ እንደ ተሸነፈ ጸሐፍቶቻቸው ይተርካሉ። እንስሳት መዝናኛም ነበሩ። በ80 እ.ኤ.አ. ታላቁ የሮም ትርዒት ስፍራ ሲመረቅ 9,000 ያህል እንስሳት እንደ ተገደሉ ካስዩስ ዲዮ ጽፏል።

ለእኛ ጥያቄ ዋናው ግን መሥዋዕቱ ነው። ለአማልክት ወንድ፣ ለሴት አማልክት ሴት እንስሳ ይመረጣል። ለጁፒተር ነጭ፣ ለምድር በታች አማልክት ጥቁር ይቀርባል። ካህኑ ራሱን ተከናንቦ የእንስሳውን ራስ ጨው በተቀላቀለበት ዱቄት ይነሰንሳል፤ ወይን ያፈስሳል፤ ጸሎት ያደርሳል። ከታረደ በኋላ ጉበቱና ሌላው ሆድ ዕቃ ይመረመራል (የባቢሎን ንጉሥ ጉበት ማየቱን በሕዝቅኤል 21 እናነባለን)፤ ምልክቱ ደኅና ከሆነ ሆድ ዕቃው ለአማልክት ይቃጠላል። የቀረውን ሥጋ ሰው ይበላዋል፤ ከፊሉም ይሸጣል።

ቆሮንቶስን ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 የሮም ቅኝ ከተማ አድርጎ መልሶ አቋቁሟታል። ጳውሎስ በ10፥25 ለሥጋ ገበያው የተጠቀመበት «ማኬሎን» የሚለው ቃል ከላቲኑ «ማኬሉም» ጋር አንድ ነው፤ በአዲስ ኪዳንም ከዚህ በቀር አይገኝም። በቆሮንቶስ የተገኘ የላቲን ጽሑፍ ይህን ገበያ ይጠቅሳል። በአስክሌጲዮስ መቅደስ አጠገብም የመመገቢያ ክፍሎች ተቆፍረው ወጥተዋል። ስለዚህ ሥጋ በሦስት መንገድ ይገኝ ነበር፤ በጣዖቱ ቤት ማዕድ፣ በገበያ፣ በጎረቤት ቤት። ጳውሎስ ለሦስቱ አንድ መልስ አልሰጠም። የጣዖቱን ማዕድ ከለከለ (10፥14-22)፤ የገበያውን ፈቀደ፤ የጎረቤቱንም ፈቀደ፣ «ይህ የተሠዋ ነው» የሚል ሰው ካልተነሣ በቀር (10፥27-28)።

ይህ ሥጋ ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ከሁለት ማስረጃዎች እናያለን። የቢታንያና የጳንጦስ ገዢ የነበረው ፕሊኒ በ112 እ.ኤ.አ. ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ ትራያን ሲጽፍ፣ ቀድሞ ገዢ አጥቶ የነበረው የመሥዋዕት ሥጋ አሁን ዳግመኛ መሸጥ ጀምሯል ይላል። ጴጥሮስ መልእክቱን የላከላቸው አገሮች ናቸው (1ጴጥ. 1፥1)፤ በዚያ የወንጌል መስፋት በሥጋ ገበያው ታይቷል። ሁለተኛው ከ250 እ.ኤ.አ. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዴክዩስ ሰው ሁሉ እንዲሠዋ አዘዘ። በግብፅ የተገኙት የምስክር ወረቀቶች ባለቤቱ መሠዋቱን ብቻ ሳይሆን ከመሥዋዕቱ መቅመሱን ይመሰክራሉ። በዚያን ጊዜ አንድ ጉርሻ ጌታን መካድ ነበር።

ወሎም ይህን በራሷ መንገድ ታውቀዋለች። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ አዘዙ፤ በኋላ ንጉሥ የሆኑት ሚካኤል ቀድሞ ኢማም መሐመድ ዓሊ ነበሩ። የክርስቲያን ሥጋ መብላት ሃይማኖት እንደ መለወጥ በሚቆጠርበት አገር፣ የግድ ጥምቀት ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም። ሙስሊም ዘመዱን «አንድ ጊዜ ብትቀምስ ምን አለበት?» እያለ የሚጎተጉት አማኝ ይህን ታሪክ ይወቅ።

አሁን ወደ ወጣቱ እንመለስ። በእኔ ግምት የጎረቤታችንን የሙስሊም ሥጋ «ለጣዖት የተሠዋ» ማለት የንባብ ስሕተት ነው። ለሰርግ የታረደው በሬ ለጣዖት አልቀረበም፤ ቢላው ላይ የተጠራው ስም ከመሠዊያ ጋር አይተካከልም። በአገራችን ለቆሮንቶሱ መሥዋዕት የሚቀርበው ለዛር ወይም ለቆሌ የምትታረደው ገብስማ ዶሮ ናት። ቀለሟ የሚመረጠው መንፈሱ ጠይቋል ተብሎ ነው፤ የምትበላውም በሥርዓቱ መካከል ነው። እኛ ግን ስለ ጎረቤት በግ ስንከራከር ስለ እርሷ መስበክ እየረሳን ነው።

ይህ ማለት ወጣቱ ሁልጊዜ ይብላ ማለት አይደለም። «ቢስሚላህ» ሲሰማ ልቡ ወደ ተወው የሚጎተት ከሆነ ምዕራፍ 8 ስለ እርሱ ተጽፏል፤ የሚጠነቀቅለትም መብላት የሚችለው ወንድሙ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ይህን ከበላህ ተመልሰሃል» ብለው ካቀረቡለት ደግሞ ነገሩ ምስክርነት ሆኗልና ይተወው። እንዲሁ እናቱ ናፍቃው ባሰናዳችው ማዕድ ላይ ግን ይብላ። (የሐይቁን ዓሣ ብትሠራለት ኖሮ ማንም ማን አረደው ብሎ ባልጠየቀ!)

የሚከብደው ደጋሹ እርሱ ሲሆን ነው። አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ለአማኝ ሰርግ ሙስሊም አራጅ መጥራትን እንደ መደራደር ያዩታል። እኔ 9፥19-22ን ሳነብ እንዲህ ማለት አልቻልሁም። አባቱ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ሳይበላ ከሚወጣ፣ ለአባቱና ለአጎቶቹ የሚሆነው በግ ተለይቶ ይገዛ፤ ቢላውንም አጎቱ ይያዝ እላለሁ። ያም የሚወሰነው በሰርጉ ዋዜማ በችኮላ ሳይሆን፣ መጋቢው አስቀድሞ ከሙሽራውና ከጉባኤው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ነው።