በቤት ስለሚሠራው የዓሣ ማጥመጃ የፕላስቲክ ትልና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ዓሣ ማጥመድ አእምሮን የሚያሳርፍ፣ ለማዕድም ገንቢ ምግብ የሚያስገኝ መልካም ሥራ ነው። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ በሳሪስ በኩል የደብረ ዘይትን መንገድ ይዞ ቢወርድ በቢሾፍቱ ሐይቆችን ያገኛል፤ ጉዞውን ቢቀጥልም ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዝዋይን፣ ቀጥሎ ላንጋኖን፣ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ደግሞ ሐዋሳን ይደርስባቸዋል። በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው የምድር ትል ወይም ቁራጭ ሥጋ ሰክቶ ዓሣውን ይጠብቃል። በሌላው ዓለም ግን ከለስላሳ ፕላስቲክ ተሠርቶ ጨው የተቀላቀለበት ሰው ሠራሽ ትል ከተለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ይህን ትል በገዛ ቤታቸው የሚሠሩ አጥማጆችን አይተናል።

ዛሬ ማንም ሰው አሠራሩን በእጅ ስልኩ ተመልክቶ ለመሞከር ይችላል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ፕላስቲክን በእሳት ማቅለጥ ከጤና ጋር የተያያዘ ብርቱ ጉዳይ ስለሆነ፣ ምክንያቱንና መጠንቀቂያውን ለአንባቢዎቻችን መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በአክረን ከተማ ኒክ ክሬም የተባለ ሰው ከባለቤቱ ጋር በማድ ቤታቸው ውስጥ የፕላስቲክ ትል ሠራ። ይህ ሥራ ኋላ በብዙ አገር የተስፋፋ ትልቅ ኢንዱስትሪ ሆነ። ለሥራው የሚያገለግለው ፈሳሽ ፕላስቲሶል ይባላል። ይኸውም ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ ዱቄቱ በማለስለሻ ዘይት ውስጥ ተበትኖ የሚገኝበት፣ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ነው። ሲሞቅ አስቀድሞ እንደ ገንፎ ይወፍራል፤ ሙቀቱ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ግን ጠርቶ እንደገና ይፈስሳል። በዚያን ጊዜ ቀለም ተጨምሮበት በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲፈስስና ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ትል ይሆናል።

ጨው የሚጨመርበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጨው ከፕላስቲኩ ስለሚከብድ ትሉ በውኃ ውስጥ በቀላሉ እንዲሰጥም ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ጣዕም ስለሚሰጠው ዓሣው ነክሶ ቶሎ እንዳይተፋው ይረዳል ተብሎ ይታመናል። ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ስለሆነ በፕላስቲኩ ውስጥ አይሟሟም፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ ተሰራጭቶ ይቀራል። ስለዚህ ጨው የበዛበት ትል በቀላሉ ይበጠሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌና የውኃ ተክል የሚመገብ ስለሆነ ለእንዲህ ያለው ትል እምብዛም አይሳብም። አምባዛና በጫሞ ሐይቅ የሚገኘው ናይል ፐርች ግን ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው።

ሦስቱ አደጋዎች

1ኛ. ጢሱ። ፒ.ቪ.ሲ. ከመጠን በላይ ሲሞቅ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆንና ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ የዓይንን፣ የጉሮሮንና የሳንባን እርጥበት ሲነካ ወደ አሲድነት ይለወጣል። ሕፃናት፣ አረጋውያንና አስም ያለባቸው ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ይጎዱበታል። በጀሞና በለቡ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማድ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ጢሱ ወደ መኝታ ክፍልና ወደ ጎረቤት ይዘልቃል። የከሰል ምድጃም ሙቀቱን በልክ ለመያዝ አያመችም፤ በዝግ ቤት ውስጥ ሲነድድም ራሱ ከሰሉ ገዳይ ጋዝ ያወጣል።

2ኛ. እርጥበቱ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ያህል ነው። የቀለጠው ፕላስቲክ ሙቀት የዚህ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። እርጥብ ጨው ወይም ያልደረቀ የጀሶ ቅርጽ ማውጫ ሲነካው ውኃው በቅጽበት ተንኖ ፈሳሹን ወደ ፊትና ወደ እጅ ይረጨዋል። የፈላ ውኃ ከቆዳ ላይ ወርዶ ይሄዳል፤ የቀለጠ ፕላስቲክ ግን ተጣብቆ ስለሚቀር ቃጠሎው ጥልቅ ይሆናል።

3ኛ. ውዳቂው ፕላስቲክ። ፕላስቲሶል በቅርብ ባይገኝ አሮጌ ጫማ፣ የውኃ ቱቦ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን ለማቅለጥ የሚያስብ ሰው ሊኖር ይችላል። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። በአሮጌ የሽቦ ሽፋን ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖር ይችላል፤ እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የውኃ ጠርሙስ ደግሞ የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሲቀዘቅዝ ስለሚደርቅ ለዚህ ሥራ አይረባም። ስለዚህ ተገቢውን ፈሳሽ ያላገኘ ሰው ሥራውን ቢተወውና የምድር ትል ቢቆፍር ይሻለዋል።

ትክክለኛው አሠራር

ሥራው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ፣ ሕፃናት በሌሉበት ይከናወን። ሠሪው ጢሱ ወደ ፊቱ እንዳይመጣ ነፋሱን በጀርባው ያድርግ። ሙቀቱ በልክ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ምድጃና ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ ሙቀቱም ከ190 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠበቅ። ፈሳሹ መጢስ ወይም ቢጫ መሆን ከጀመረ ምድጃው ወዲያውኑ ይጥፋ። ዓይንን የሚሸፍን መነጽር፣ ሙቀት የሚችል ጓንት፣ እጅጌው ረጅም የጥጥ ልብስና የተሸፈነ ጫማ መልበስ ግዴታ ነው።

ጨው በምጣድ ላይ ተሰጥቶ በለዘብተኛ ሙቀት ይድረቅ፤ ከዚያ ይፈጭና ይነፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ስኒ ፈሳሽ ሩብ ስኒ ጨው ይበቃል። ጨው ወደ ታች ስለሚዘቅጥ እስኪፈስስ ድረስ መማሰሉ አይቋረጥ። የጀሶው ቅርጽ ማውጫም አያሌ ቀን በፀሐይ ደርቆ ሊቆይ ይገባዋል።

ለዚህ ሥራ የዋለ ድስት፣ ማንኪያ ወይም ማይክሮዌቭ ለምግብ ማብሰያ ፈጽሞ አይመለስ። በማለስለሻነት ከሚያገለግሉት ዘይቶች መካከል ፍታሌት የተባሉት ይገኛሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ሕግ ከእነዚህ ሦስቱ በሕፃናት መጫወቻ ውስጥ ከ0.1 በመቶ በላይ እንዳይገኙ ከልክሏል። ስለሆነም ፍታሌት የሌለበትን ፈሳሽ መምረጥ ይገባል፤ ትሉን የነካ እጅም ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠብ። ትሉ ከረሜላ ስለሚመስል ሕፃናት በማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ።

አደጋ ቢደርስ

የቀለጠ ፕላስቲክ በቆዳ ላይ ቢፈስስ ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ነው። የተጣበቀውን ፕላስቲክ መላጥ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ዕንቁላል መቀባት ጉዳቱን ያባብሳል። ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ሰውየው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ጢስ ያፈነውን ሰው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ይገባል፤ ሳሉ ካልተወው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገይ ሐኪም ይየው።

የተበጠሰ ትልም ወደ ሐይቅ አይጣል። ዓሣ ሲውጠው በሆዱ ውስጥ ያብጣል፤ አይበሰብስምና ሰብስቦ ወደ ቤት መመለስ የአጥማጁ ግዴታ ነው።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዓሣው ለቤተ ሰብ ጤና የሚጠቅመው፣ ማጥመጃው ሲሠራ የቤተ ሰቡ ሳንባና ቆዳ በደኅና ከቆየ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚጀምር ሁሉ ከድስቱ አስቀድሞ ስፍራውን፣ መነጽሩንና ጓንቱን እንዲያዘጋጅ አደራ እንላለን።