በጌጫ ማታ የሚማረው ማነው?

ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጌጫ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ መቀመጫ ናት። ዙሪያዋ እንሰት፣ ደንና ቀፎ ነው፤ ወደ ቴፒ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ቡናው ይበዛል። እንዲህ ባለች ከተማ የማታ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በቀነሰ ጊዜ ሁሉ ጣት የሚቀሰረው ጎልማሳው ላይ ነው፦ «ፍላጎት የለውም» ይባላል። እኔ ግን አልስማማም። ችግሩ ያለው የትምህርት አሰጣጡ ላይ ነው።

ቀድሞ ጎልማሳውን ፈልጎ የሄደ ትምህርት ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ ሲሆን አንዱ ከፋ-ሞቻ ነበር፤ ሞቻ የሸካቾ ሕዝብ ቀድሞ ይጠራበት የነበረ ስም ነው። ደርግን በብዙ ነገር ልንወቅሰው እንችላለን፤ በዚህ ግን አርሶ አደሩን በገዛ ቋንቋው አስተምሯል። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባ ጎልማሳን የሚጠብቀው እንግሊዝኛ ነው። ቀን በሸካቾ ቋንቋ ገበያ ውሎ፣ በአማርኛ ቢሮ ጉዳዩን አስፈጽሞ፣ ማታ ባዮሎጂን በሦስተኛ ቋንቋ ይማራል።

የሸካ ዞን ሕዝብ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የማታ ተማሪውም እንዲሁ። ከሸካቾ ጋር ከፊቾ፣ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ሸኮ፣ ቤንችና መዠንገር ይኖሩበታል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሰፈሩ የወሎ ልጆች እዚህ ወልደው ከብደዋል፤ የቡናና የሻይ እርሻዎችም ከሩቅ ሠራተኛ ይስባሉ። መንጃ የሚባለው ማኅበረሰብ ደግሞ ለዘመናት ከሌላው ጋር አብሮ እንዳይበላና እንዳይጋባ ተገልሎ ኖሯል። ልጅ ሳለ ከጓደኞቹ ተለይቶ መቀመጥ አንገፍግፎት ትምህርቱን የተወ ሰው በሠላሳ ዓመቱ ወደ ክፍል ይመለስ ዘንድ የማስታወቂያ ወረቀት አይበቃውም። ወንበሩ ከማን ጎን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል።

ከዚህ ሌላ የቡናው ወቅት አለ። ለቀማው የሚበረታው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የትምህርቱ የመጀመሪያ ወሰነ ትምህርትም ያው ነው። የዓመቱ ገንዘብ በእነዚያ ወራት ስለሚገኝ ወደ ቆላ የወረደ ለቃሚ ሲመለስ ስሙ ተሰርዞ ይጠብቀዋል። እናቶችን የሚያስቀራቸው ሌላ ነው፦ ዝናብ፣ ጨለማ፣ የልጅ ጠባቂ ማጣት።

ፈተናውም ተጨምሯል። እስከ 2011 ዓ.ም. በአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ነበር፤ ያንን ያለፈ ጎልማሳ ቢያንስ አንድ ወረቀት ይዞ ሥራ ይፈልግ ነበር። ያ ሲቀር ጉዞው እስከ አሥራ ሁለተኛ ረዘመ። ከ2014 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ደግሞ የማጠናቀቂያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ አዳር ተገብቶ መሰጠት ጀመረ። ኩረጃን ለማስቆም የተወሰደ እርምጃ ነው፣ ተገቢም ነው፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ላላት እናትና ለቀን ሠራተኛ ግን የብዙ ቀን ገቢና እንክብካቤ ማጣት ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ቀን የሚማሩትም ጭምር ማለት ነው።

የዞኑ ትምህርት መምሪያና የክልሉ ትምህርት ቢሮ ሆይ፣ የማታ ምዝገባን ለቀማው ሲያበቃ በጥር ዳግም ክፈቱ። መዝገቡ ላይ ቋንቋን፣ የመንገድ ርቀትንና ያቋረጡበትን ምክንያት ጠይቁ። ለእናቶች ደግሞ ቅዳሜና እሑድ፣ በቀን ብርሃን አስተምሩ።