በሶፍ መካከል ያለ እንግዳ

የሱብሒ ሶላት ነበር። ኢማሙ ከሁለተኛው ረከዓ ሩኩዕ ቀና እንዳሉ እጃቸውን ዘርግተው ቁኑት መቅራት ጀመሩ። በሶፉ ላይ ያለው ጀመዓ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ‹‹አሚን›› አለ። እጁን ወደ ታች ለቆ ዝም ብሎ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያም ሰው እኔ ነበርኩ።

በጅማ ዞን ወደምትገኘው ወደዚያች ትንሽ ከተማ ከመጣን ገና ሁለተኛ ቀናችን ነው። በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ባለቤቴ ሥራ ተመድባ፣ እኔም የሒሳብ መምህርነት አግኝቼ፣ ከአምስት ዓመት ሴት ልጃችን ጋር ጓዛችንን ጠቅልለን ከወሎ ተነሣን። የምንሄድበት አገር ሙስሊም የሚበዛበት በመሆኑ አላህን (ሱ.ወ.) አመስግነን ነበር። የቋንቋው ነገር፣ የአየሩ ነገር፣ የቤት ኪራዩ ነገር አሳስቦናል። በዲናችን በኩል ግን እንግዳ እንሆናለን ብለን ፈጽሞ አላሰብንም።

እኔ በልጅነቴ ኪታብ የቀራሁት ሐነፊ ከሆኑ ሸኽ ዘንድ ነው። በሐነፊ መዝሀብ ቁኑት የሚቀራው በዊትር ሶላት እንጂ በሱብሒ አይደለም። ‹‹አሚን››ም የሚባለው ድምፅ ሳይሰማ ነው። በጅማ ግን፣ እንደ አብዛኛው የአገራችን ክፍል፣ ሕዝቡ የሚከተለው የሻፊዒይን መዝሀብ ነው። በእነርሱ ዘንድ የሱብሒ ቁኑት የጠበቀ ሱና ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው። ከዚህ አያልፍም። ሆኖም ከሶላት በኋላ ከጎኔ የነበሩት ሰው ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው ያንሾካሾኩት ነገር ለብዙ ወራት ከጆሮዬ አልወጣም።

በአንድ ዓመት ሁለት ስም

ሳምንት ሳይሞላ ሦስት ወጣቶች ከመስጊዱ በር ላይ ጠብቀው በደስታ አቀፉኝ። ቁኑት ባለመቅራቴ የእነርሱን መንገድ የምከተል መስሏቸው ነበር። እኔም የሚያቅፈኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ምንም አላስረዳሁም። ኅዳር ላይ መውሊድ መጣ። የወሎ ልጅ ነኝና ወደ መውሊዱ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወጣቶቹ ሰላምታ ቀዘቀዘ። ነገሩ ሲጣራ ሽማግሌዎቹ ‹‹ወሃቢ ነው›› ሲሉኝ፣ ወጣቶቹ ደግሞ ‹‹ሱፊ ነው›› ብለውኛል ለካ። እኔ ግን ያው የልጅነት ሸኼ ያስተማሩኝን ይዤ የመጣሁ ሰው ነበርኩ።

ባለቤቴም የራሷ ጣጣ ገጠማት። ጎረቤቶቻችን ቡና ላይ ‹‹እናንተ ወሎዎች ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቤት ትኖራላችሁ ይባላል፤ እውነት ነው?›› ብለው ጠየቋት። ጠያቂዋ ይህን ያለችው ምናልባት ለማወቅ ብቻ ይሆናል። ባለቤቴ ግን አጎቷ ክርስቲያን ናቸውና ኢማኗ በሚዛን ላይ የተቀመጠ ያህል ተሰማት። በሚቀጥለው ጊዜ ቡና ስትጠራ ‹‹ራሴን አሞኛል›› ብላ ቀረች።

የእኔ ጥፋት ግን ከዚህ የባሰ ነበር። የሱብሒን ጀመዓ ተውኩ። አንድ ቀን ብርዱን፣ ሌላ ቀን የማርመውን ደብተር ምክንያት እያደረግሁ እቤት መስገድ ጀመርኩ። ልጄ ቀደም ሲል ለውዱእ ስነሣ ውኃው ሲንኮሻኮሽ ሰምታ ትነቃና ትንሿን ሒጃቧን ፍለጋ ትደናበር ነበር። አንዳንድ ቀን አብራኝ ትሄዳለች። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ንጋት ላይ ውኃው ሲንኮሻኮሽ ዞር ብላ ተኛች። መሄድ እንደቀረ ገብቷት ነበር። ያን ጊዜ ነው ዋጋውን የምከፍለው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ የተረዳሁት።

የአንድ ሽማግሌ ጥያቄ

ሚያዝያ ላይ፣ የሻዕባን ወር ነው፣ አንድ ሽማግሌ ሐጂ በራችንን አንኳኩ። በኦሮምኛ በተቃኘ አማርኛ ‹‹ረመዳን ከመድረሱ በፊት ጎረቤቴን ልጠይቅ ብዬ ነው›› አሉ። ቡና ቀረበላቸው። ስለ ቀሪው ጀመዓም ሆነ ስለ ቁኑቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ‹‹ልጄ፣ ኪታብ የቀራኸው የት ነው?›› ብቻ አሉኝ።

የአገሬን ስም፣ የሸኼን ስም፣ የቀራሁትን ኪታብ ነገርኳቸው። ‹‹ቁዱሪን›› ስል ሳቅ አሉ። የእርሳቸው መምህር በወጣትነታቸው ስንቃቸውን ይዘው በእግራቸው ወሎ ድረስ ሄደው እንደቀሩ፣ እዚያም ከሐነፊ ደረሶች ጋር በአንድ ማዕድ እየበሉ ዓመታት እንደኖሩ አጫወቱኝ። ቀጥለውም ‹‹በእኛ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ ኪታቡን እንጠይቀው ነበር። አሁን ግን እጁን ብቻ እናያለን›› አሉ።

በተከታዩ ጁምዓ ሐጂው ከሶላት በኋላ ተነሥተው ጥቂት ተናገሩ። ኦሮምኛዬ ያን ጊዜ ደካማ ቢሆንም ‹‹ሐነፊ›› እና ‹‹ወሎ›› የሚሉትን ቃላት ለይቼ ሰማሁ። ያን ዕለት ከጎኔ የቆሙት ሰው፣ ያ ያንሾካሾኩት ሰው፣ እጄን ጨብጠው ረጅም ሰላምታ ሰጡኝ። ብዙ ሰዎች ሐነፊ የሚባል መዝሀብ በገዛ አገራቸው መኖሩን አልሰሙም ነበር።

የራሴንም ድርሻ ሳልናገር ማለፍ ግን ፍትሕ አይሆንም። እኔስ በእነዚያ ወራት ማንን ጠየቅሁ? በልቤ ‹‹እነዚህ ሰዎች አያውቁም›› እያልኩ በእውቀቴ እመጻደቅ ነበር። በአገሩ ቋንቋ አንድ ሰላምታ እንኳ አላጠናሁም። እነርሱ ባይጠይቁኝ እኔም አልነገርኳቸውም። በመካከላችን ግድግዳ የሠራው የቁኑቱ ልዩነት አልነበረም፤ የሁላችንም ዝምታ ነበር።

ሁለት ሂጅራ ያላቸው ሴት

ይህ ስሜት አዲስ አይደለም። በዘመነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአገራችን ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው።

አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ከባለቤታቸው ከጃዕፈር ቢን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደው ከ10 ዓመት በላይ ኖረዋል። ልጃቸውን አብደላህንም የወለዱት በዚህ ምድር ነው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር በተከፈተ ጊዜ፣ በመርከብ ተሻግረው መዲና ገቡ። ወደ ወገኖቻቸው፣ ወደ ሙእሚኖች ከተማ መግባታቸው ነበር። ነገር ግን ከመዲና ሰዎች አንዳንዶቹ ‹‹በሂጅራ ቀድመናችኋል›› ይሏቸው ጀመር።

አንድ ቀን አስማእ ሐፍሷ (ረ.ዐ.) ቤት ሳሉ ዑመር (ረ.ዐ.) ገቡ። ከሐበሻ የመጡት ሴት መሆናቸውን ባወቁ ጊዜ፣ በሂጅራ ስለቀደምናችሁ ከእናንተ ይልቅ ለአላህ መልእክተኛ የምንቀርበው እኛ ነን አሏቸው። ይህ ንግግር ከዑመር በክፋት የመጣ ነው የሚል ሙስሊም የለም። አስማእ ግን ልባቸው ተነካ። እናንተ መልእክተኛው ከጎናችሁ ሆነው የተራበውን ሲያበሉላችሁ፣ ያላወቀውን ሲያስተምሩላችሁ፣ እኛ ግን በሩቅ አገር በስጋትና በመከራ ውስጥ ነበርን ሲሉ መለሱ። ነገሩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይነግሩም ምግብ እንደማይቀምሱ ማሉ።

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አዳምጠው ፈረዱ። ዑመርና ጓደኞቻቸው አንድ ሂጅራ ሲኖራቸው የመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯቸው። ከዚያ ወዲያ አቡ ሙሳ አል አሽዐሪይና ሌሎቹ የመርከቧ ሰዎች ቡድን ቡድን እየሆኑ ይህን ቃል ከአስማእ አፍ ለመስማት ይመጡ ነበር። በዱንያ ላይ ከዚህ የበለጠ ያስደሰታቸው ነገር እንዳልነበረም በሐዲሱ ተዘግቧል።

እኔ ሳዝን ቤቴን ዘጋሁ። አስማእ ግን ቅሬታቸውን በፊት ለፊት ተናግረው መፍትሔ ሊገኝ ወደሚችልበት ዘንድ ሄዱ።

ቀደምቶቻችን ልዩነትን እንዴት ያዙት?

ከኸንደቅ ዘመቻ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐስርን በኒ ቁረይዛ ዘንድ ደርሰው እንጂ እንዳይሰግዱ ሶሐቦችን አዘዙ። በመንገድ ላይ የሶላቱ ወቅት ገባ። ከፊሎቹ የትእዛዙ ዓላማ መፍጠን ነው ብለው በመንገድ ሰገዱ። ከፊሎቹ ቃሉን እንዳለ ይዘው እስኪደርሱ ቆዩ። ነቢዩ ሁለቱንም ወገን አልገሠጹም።

አብደላህ ቢን መስዑድ (ረ.ዐ.) በሐጅ ጊዜ ሚና ላይ የሚሰገደው ሁለት ረከዓ ነው የሚል አቋም ነበራቸው። ዑስማን (ረ.ዐ.) አራት አድርገው ባሰገዱ ጊዜ ግን ተከትለው አራት ሰገዱ። ለምን ብለው ሲጠየቁም መለያየት መጥፎ እንደሆነ ተናገሩ። ኢማም ሻፊዒይም ባግዳድ ውስጥ በኢማም አቡ ሐኒፋ ቀብር አቅራቢያ ሱብሒን ሲሰግዱ፣ ለእርሳቸው አክብሮት ሲሉ ቁኑትን ተዉ ተብሎ ይተረካል። የመዝሀቡ ባለቤት ይህን ያህል ልበ ሰፊ ከነበሩ እኛ ተከታዮቹ ከየት ያመጣነው ጥበት ነው?

ምን እናድርግ?

ወደ አዲስ አካባቢ የምትሄዱ ቤተሰቦች ሆይ! በመጀመሪያው ሳምንት ኢማሙን ተዋወቁ። ከየት እንደመጣችሁና ምን እንደቀራችሁ እናንተው ቀድማችሁ ንገሩ። በቆያችሁ ቁጥር መናገሩ ይከብዳል። ለማረም ሳይሆን ለመማር ግቡ። የአገሩን ቋንቋ ሰላምታ አጥኑ። ከሁሉም በላይ፣ ቢከፋችሁም ጀመዓችሁን አትተዉ። ልጆቻችሁ ያያሉና።

የነባሩ ጀመዓ አባላት ሆይ! የሚበልጠው ኃላፊነት በእናንተ ላይ ነው። እንግዳው በሩን አያውቀውም፤ በሩ የእናንተ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለምታውቁትም ለማታውቁትም ሰላምታ አቅርቡ ብለው አስተምረውናል። በሶፋችሁ ላይ አዲስ ፊት ስታዩ ቡና ጥሩት፤ እናቶችም አዲሲቱን ጎረቤት ጥሩ። የማታውቁትን አሰጋገድ ስታዩ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። በቁርኣንም፣ በሱረቱል ሐሽር፣ አንሷሮች የተመሰገኑት ወደ እነርሱ የተሰደዱትን በመውደዳቸው፣ ራሳቸው ችግር ላይ ሆነው እንኳ እነርሱን በማስቀደማቸው ነው።

ወጣቶች ሆይ! አንድን ሰው በአንዲት የእጅ እንቅስቃሴ ከወገን አትመድቡ። የመዝሀቦችን ልዩነት ከሚያውቅ ዓሊም ዘንድ ተቀምጣችሁ ተማሩ።

ዛሬ እኔ በሱብሒ ቁኑት እጄን ወደ ታች ለቅቄ እቆማለሁ፤ ከጎኔ ያሉት እጃቸውን ይዘረጋሉ። ትከሻችን ግን እንደተነካካ ነው። ልጄ አድጋ ሒጃቧን ራሷ ታስራለች። ሐጂው ወደ ማይቀረው ዓለም ሄደዋል። ያቺ አንዲት ጥያቄያቸው ግን ቤተሰቤን ወደ መስጊድ መልሳለች። አላህ (ሱ.ወ.) ይዘንላቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ እኛንም እንግዳን ከሚጠይቁት ያድርገን። አሚን።