ያጋደለ ጭነት፤ መረጃን በብዙ ማሽኖች ስለ ማመጣጠን

በዳንግላና በኢንጅባራ የገበያ መንገድ ፈረስ ጭኖ የሚሄድ ሰው ጥቂት እንደ ተጓዘ ቆም ብሎ ጭነቱን ያያል። ወደ አንድ ወገን ያጋደለ እንደ ሆነ መጫኛውን ፈትቶ ያስተካክላል፤ ይህን ባያደርግ የፈረሱ ጀርባ ይላጣል፣ እህሉም ይፈስሳል። ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳው ያሰብነው የመረጃ ማከማቻ ጉዳይም ከዚህ የራቀ አይደለም።

የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የፈተና ውጤቶችና የቤተ መጻሕፍት ቅጂዎች ሲበዙ አንድ ማሽን ብቻውን አይችላቸውም። ስለዚህ ብዙ ማሽኖች ተባብረው እንደ አንድ ጎተራ የሚያገለግሉበት ዘዴ ተፈጠረ። ከነዚህም አንዱ ሃዱፕ የተባለው ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በተለመደው አሠራሩ ትልቁን ፋይል 128 ሜጋባይት በሚሆኑ ብሎኮች ይከፋፍልና የእያንዳንዱን ብሎክ 3 ቅጂ በተለያዩ ማሽኖች ያስቀምጣል። ማሽኖቹ በየ3 ሴኮንዱ መኖራቸውን ያስታውቃሉ። አንዱ 10 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ያህል ዝም ያለ እንደ ሆነ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ በእርሱ ላይ የነበሩትም ብሎኮች ከተረፉት ቅጂዎች እንደገና ይገለበጣሉ።

ችግሩ አዲስ ማሽን ሲጨመር ነው። በኢንጅባራ እኩል አቅም ያላቸው 4 ማሽኖች እያንዳንዳቸው 80 በመቶ ሞልተው ሳለ፣ አምስተኛው ባዶውን መጣ እንበል። ብዙዎቻችን ነገሩ በራሱ ይስተካከላል ብለን እንገምታለን። ነገር ግን የቀድሞው መረጃ ካለበት አይነቃነቅም፤ አሮጌዎቹ ሊሞሉ ሲቃረቡ አዲሱ ገና ባዶ ነው። ስለዚህ ኃላፊው የማመጣጠኛውን ፕሮግራም ማስነሣት ይገባዋል። ፕሮግራሙ አማካዩን ያሰላል፤ በምሳሌያችን 64 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚያም ማንኛውም ማሽን ከዚህ አማካይ ከ10 ነጥብ በላይ እንዳይርቅ ብሎኮችን ያዛውራል። ዝውውሩ የተማሪውን የዕለት ሥራ እንዳያደናቅፍም ፍጥነቱ ይገደባል። በአንድ ማሽን ውስጥ ባሉት ዲስኮች መካከል ያለውን መበላለጥ ግን ይህ ፕሮግራም አያስተካክልም፤ ለዚያ ሌላ መሣሪያ አለ።

ማመጣጠን ብቻውን ግን መድን አይሆንም። ሦስቱም ቅጂዎች በአንድ ክፍል ከተቀመጡ አንድ ቃጠሎ ሁሉንም ይወስዳል። በስሕተት የተደመሰሰ ፋይልም ከነሦስት ቅጂው ይሄዳል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኔሶታ መቀመጡ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። የኢንጅባራው ጎተራም በዳንግላ ሌላ ቅጂ ቢኖረው መልካም ነው።

እንግዲህ አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር ደስ ከመሰኘታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ጭነቱ ተመጣጥኗልን? ሌላውስ ቅጂ የት ነው? የአራት ዓመት ድካማችን ያለው በዚያ ውስጥ ነውና።