የሕፃናት ጥርስ እንዳይቦረቦር
ታናሽ ወንድማችሁ ሌሊት ጥርሱን አሞት ሲያለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁን? በዚያን ጊዜ ከቤተሰቡ አንዱ «ትል በላው» ይል ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ «የወተት ጥርስ እንደ ሆነ መውለቁ አይቀርም» ብሎ ችላ ይለዋል። የመጀመሪያው አነጋገር ከእውነት የራቀ ነው፤ ሁለተኛውም ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም።

ለመሆኑ ጥርስን የሚቦረቡረው ምንድን ነው? በአፋችን ውስጥ ባክቴሪያ የሚባሉ፥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ይኖራሉ። እነዚህም በጥርስ ላይ በሚጋገረው ስስ ቆሻሻ ውስጥ ሆነው የምንበላውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱም ኢናሜል የተባለውን ጠንካራ የጥርስ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ምራቅ በበኩሉ የአሲዱን ኃይል እያደከመ የተጎዳውን ሽፋን ይጠግናል፤ ዳሩ ግን ለዚህ ሥራው ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጣፋጭ ነገርን ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ መብላት፥ ያንኑ ያህል ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ከመምጠጥ ይሻላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሕፃኑ ጣፋጭ መጠጥ ያለበትን ጡጦ እንደ ያዘ እንቅልፍ ሲወስደው ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ይቀንሳልና።

የወተት ጥርሶች በቁጥር 20 ናቸው። ለማኘክና አጥርቶ ለመናገር ከመርዳታቸውም በላይ ለቋሚ ጥርሶች ቦታ ይጠብቃሉ። አንዱ ያለ ጊዜው ከወለቀ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ስለሚያዘነብሉ ቋሚው ጥርስ ተዛብቶ ሊበቅል ይችላል። በ6 ዓመት ገደማ ደግሞ፥ አንድም የወተት ጥርስ ሳይወልቅ፥ ከኋላ በኩል የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች ብቅ ይላሉ። ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ እየመሰሏቸው ቸል ይሏቸዋል። እነርሱ ከተበሉ ግን በምትካቸው ሌላ አይበቅልም።

እንግዲህ መከላከያው ምንድን ነው? ጣፋጭ የሚበላበትን ጊዜ ከመቀነስ ሌላ፥ ጥርስን ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ፥ በተለይም ከመኝታ በፊት መቦረሽ ነው። ፍሎራይድ ኢናሜልን ያጠነክራል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታክል፥ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታክል ሳሙና ትበቃዋለች። መፋቂያም በአግባቡ ከተሠራበት ቆሻሻን ያስወግዳል።

ይሁን እንጂ ፍሎራይድም ልክ አለው። በስምጥ ሸለቆ፥ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፥ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ስላለበት በዚያ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው በልዟል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ልጆች የሚጠጡትን ውኃ በሚመለከት የጤና ባለሙያ አማክሩ።

ትንሽ ልጅ ብቻውን ጥርሱን በሚገባ ሊያጸዳ አይችልም። እናንተ ታላላቆች ናችሁ። ዛሬ ማታ ታናሻችሁ ከመተኛቱ በፊት አፉን አስከፍታችሁ መንጋጋዎቹን ተመልከቱ፤ ጥርሱንም አብራችሁት ቦርሹ። የአምስት ደቂቃ ድካም የሌሊቱን ለቅሶ ያስቀራል።