ለጥንቸላችሁ ምን ትመግቧታላችሁ?

በዚህ እትም ጥንቸል ለምታሳድጉና ለማሳደግ ለምታስቡ ሁሉ ስለ አመጋገቧ ጥቂት ልናካፍላችሁ ወደናል።

በብዙዎቻችን ቤት የጥንቸል ሥጋ አይበላም፤ ልጆች የሚያሳድጓት ስለሚወዷት ብቻ ነው። የሚወዱት እንስሳ ተርቦ ማየት ስለማይቻል ልጅ ከራሱ ድርሻ ቆርሶ ይሰጣታል። ወላጅም «ለሰው ያልበቃ ራሽን ለጥንቸል?» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር አለ፤ ጥንቸል ከሰው ራሽን ምንም አያስፈልጋትም። እንዲያውም ዱቄቱ፣ ዳቦውና ኡጋሊው ያሳምማታል፤ አንዳንዴም ይገድላታል። የእሷ እንጀራ ሣር ነው።

ለምን ሣር?

የቤት ጥንቸል ዘሯ የሚመዘዘው ከስፔንና ከፖርቱጋል የዱር ጥንቸል ነው። ይህ እንስሳ በጉድጓድ እየኖረ ሣርና ቅጠል፣ በደረቅ ወራትም የደረቀ ሣርና የቁጥቋጦ ቅርፊት እየቆረጠመ ያድራል። ጥርሱና አንጀቱ የተሠሩት ለዚሁ ምግብ ነው። (በካኩማ አካባቢ ከቁጥቋጦ ሥር ብድግ ብላ የምትሮጠው፣ በአማርኛ ጥንቸል ብንላትም ሌላ ዝርያ ናት። የዱር ናትና ይዛችሁ ወደ ቤት አታምጧት።)

የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቆምም። የፊት ጥርሶቿ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋሉ። ጠንካራ ሣር ስታላምጥ እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ልካቸውን ይጠብቃሉ። ለስላሳ ምግብ ብቻ ከበላች ግን ጥርሷ ረዝሞ ምላሷንና ጉንጯን ይወጋታል፤ ምግብ እያየች ትራባለች።

አንጀቷም እንዲሁ ነው። የሣሩ ቃጫ አንጀቷን ሳያቋርጥ ያንቀሳቅሰዋል። ዕውር አንጀት በሚባለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ደግሞ ረቂቅ ተሕዋስያን ምግቡን ያብላሉታል። ጥንቸሏ ከዚያ የሚወጣውን ለስላሳ ኩስ ከመቀመጫዋ ተቀብላ መልሳ ትበላዋለች። ይህን ስታደርግ ብታዩ አትደንግጡ፤ ቫይታሚንና ፕሮቲን የምታገኝበት የተፈጥሮ መንገድ ነው። ዱቄትና ስኳር ሲበዛባት ግን ጎጂዎቹ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ሆዷ በጋዝ ይነፋል። ጥንቸል ማስመለስ ስለማትችል የበላችው ቢጎዳትም መልሳ አታወጣውም።

ድርቆሽ እንዴት ይዘጋጃል?

ከምትበላው ከአምስት እጅ አራቱ ሣርና ድርቆሽ መሆን አለበት። በየቀኑ ቢያንስ የራሷን አካል የሚያህል ክምር አስቀምጡላት፤ ቀንም ሌሊትም ከፊቷ አይጥፋ። ይበልጥ የምትበላው ማታና ንጋት ላይ ስለሆነ ከመተኛታችሁ በፊት ጨምሩላት።

እንደ ካኩማ ባለ ደረቅ አገር ሣር የሚገኘው ዝናብ ሲጥል ነው። ስለዚህ በዝናቡ ወቅት አጭዶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ሣሩን ዘር ሳይቋጥር እጨዱት። በስሱ አስጥታችሁ በየቀኑ አገላብጡት። ሲደርቅ በጆንያ አድርጋችሁ ምስጥና አይጥ እንዳይደርስበት ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ያልደረቀ ሣር ከተከመረ ይሞቅና ይሻግታል፤ የሻገተውን ጣሉት እንጂ አትስጧት።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የቱርካና ጎረቤቶቻችን ኑሮ የቆመው በከብት እርባታ ነው፤ ፍየሎቻቸው ከሚግጡበት ሳትጠይቁ አትጨዱ። ሁለተኛ፣ ልጆች ብቻቸውን ርቀው አይሂዱ። በታራች ወንዝ ዳር ሣር ብታዩም ደመና ባለበት ቀን ወደ ወንዙ አትውረዱ። እዚህ ባይዘንብም ከላይ የዘነበው ጎርፍ በድንገት ይደርሳል።

ቅጠላ ቅጠል

ከሣሩ ሌላ ለአንድ ትልቅ ጥንቸል ጠዋት አንድ እፍኝ፣ ማታ አንድ እፍኝ ትኩስ ቅጠል ይበቃታል። የስኳር ድንች ቅጠል፣ የካሮት ቅጠል፣ ድንብላል፣ በሶብላና የሽፈራው ቅጠል ይስማማታል። ሱኩማ ዊኪና ጥቅል ጎመን ሲበዛ ሆድ ሊነፋ ስለሚችል ከሌላ ቅጠል ጋር በጥቂቱ ይሁን። ቆስጣም አልፎ አልፎ እንጂ በየቀኑ አይሰጥም። ከገበያ የመጣ ቅጠል ታጥቦ ይሰጥ።

እናቶች ወጥ ሲሠሩ የሚጥሉት የካሮት ቅጠል፣ የጎመን ውጫዊ ልብስና የድንብላል ግንድ ለእሷ ድግስ ነው። በሥዕል ላይ ጥንቸል ሁልጊዜ ካሮት ስትበላ ትታያለች። ሥሩ ግን ስኳር ስላለው እንደ ከረሜላ ቁጠሩት፤ በሳምንት አንድ ሁለቴ ቁራጭ ይበቃል። ሙዝና ሐብሐብም እንዲሁ።

አዲስ ምግብ በአንድ ቀን አትለውጡባት። በጥቂቱ ጀምራችሁ በሳምንት ጊዜ ውስጥ እየጨመራችሁ አለማምዷት። ግልገሎች በ3 ሳምንታቸው ገደማ ሣር መቀንጠብ ይጀምራሉ፤ እስከ 6 ወይም 8 ሳምንት ከእናታቸው አትለዩአቸው። ትኩስ ቅጠል ቶሎ ስለሚያስቀምጣቸው አትቸኩሉ።

ፈጽሞ የማይሰጧት

• ኡጋሊ፣ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ብስኩት፣ ስኳር፣ ሻይ
• ጥሬ ባቄላና ቦሎቄ
• ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ልጣጫቸውም ጭምር
• አቮካዶ፣ ፍሬውም ቅጠሉም
• የድንች ቅጠልና ልጣጭ፣ የቲማቲም ቅጠልና ግንድ
• ጉሎ፣ የወፍ ቆሎና ቁልቋል
• መድኃኒት የተረጨበት ወይም ቆሻሻ የተጣለበት ቦታ የበቀለ ሣር

የማታውቁትን ተክል «ፍየል በልታዋለች» ብላችሁ አትስጧት። የፍየል ሆድና የጥንቸል ሆድ አንድ አይደለም።

ውሃ

2 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ትጠጣለች፤ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ ከቤቱ ጀሪካን በየቀኑ ግማሽ ሊትር ለእሷ ለይታችሁ አስቡ። በቀላሉ የማይደፋ ከባድ የሸክላ ወይም የብረት ሳህን ተጠቀሙ። ውሃ ያጣች ጥንቸል ድርቆሽ መብላትም ታቆማለች። ሙቀት በጣም ስለሚጎዳት ቤቷ ጥላ ያለበትና ነፋስ የሚገባበት ይሁን፤ በቆርቆሮ ብቻ የተሠራ ሳጥን ቀትር ላይ ምድጃ ይሆንባታል።

ጤንነቷን በምን ታውቃላችሁ?

በየጠዋቱ ኩሷን ተመልከቱ። ክብ፣ ደረቅና እኩል እኩል ፍሬ ከሆነ ደህና ናት። ፍሬው ካነሰ፣ ከረጠበ ወይም ከጠፋ አንድ ነገር ደርሶባታል። ከግማሽ ቀን በላይ ምንም ያልበላች ጥንቸል በአደጋ ላይ ናት። «ነገ ትበላ ይሆናል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ በአቅራቢያ ያለ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፈልጉ። እስከዚያ ጥላ፣ ውሃና ትኩስ ሣር አቅርቡላት እንጂ ዱቄት በጥብጣችሁ አትጋቷት።

ከማምጣታችሁ በፊት

ልጆች፣ ጥንቸል ከማምጣታችሁ በፊት ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተማከሩ። ሣሩን ማን ያጭዳል? በፈተና ሰሞን ማን ያበላታል? ውሃውስ ይበቃል? ወንድና ሴት አንድ ላይ አታኑሩ። እርግዝናዋ 31 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በወለደች ማግሥትም እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ለሁለት ያሰባችሁት ሣር በጥቂት ወራት ለሃያ አይበቃም።

ወላጆችም፣ ልጃችሁ ጥንቸል ሲለምናችሁ የሚለምናችሁ ዱቄት አለመሆኑን ዕወቁለት። የሚያስፈልገው ጆንያ፣ ማጭድ፣ በቀን ግማሽ ሊትር ውሃና የእናንተ ፈቃድ ነው። ልጆች ደግሞ ከሳህናችሁ ያለውን ለራሳችሁ ብሉ። ለጥንቸላችሁ ያላችሁን ፍቅር በምታጭዱላት ሣር አሳዩአት። ከነካካችኋት በኋላም እጃችሁን መታጠብ አትርሱ።