የካንሰር ዜና፦ በአይጥ ነው በሰው?

አንድ የካንሰር ጥናት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ጋዜጣ ላይ እስኪወጣ በብዙ እጅ ያልፋል። በዚህ መሐል አንዳንዴ ተስፋው፣ አንዳንዴም ፍርሃቱ ከልክ በላይ ይገንናል። በሦስት አገሮች የሆነውን እንይ።

በግንቦት 1998 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ታይምስ የዶክተር ጁዳ ፎክማንን ምርምር በፊት ገጹ አወጣ። የቦስተኑ ሐኪም ዕጢን የሚመግቡ የደም ሥሮች እንዳያድጉ በሚከለክሉ ሁለት ፕሮቲኖች የአይጦችን ዕጢ አጥፍተው ነበር። ዘገባው ሙከራው በአይጥ ላይ መሆኑን አልደበቀም፤ አንባቢው የያዘው ግን ተስፋውን ነው። በማግስቱ 12 ዶላር ገደማ የነበረው ፕሮቲኖቹን የሚያዘጋጀው ኩባንያ አክሲዮን ከ80 ዶላር አልፎ ነበር። ፕሮቲኖቹ በሰው ላይ ሲሞከሩ የተጠበቀው ፈውስ አልተገኘም። የፎክማን ሐሳብ ግን ከንቱ አልቀረም፤ የዕጢን የደም ሥር የሚከላከለው ቤቫሲዙማብ በ2004 በአሜሪካ ተፈቅዶ የታማሚዎችን ዕድሜ በወራት አራዘመ።

በጥቅምት 2015 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደ ቋሊማ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ሲጋራ ባለበት ምድብ አስገባው። የብሪታንያ ጋዜጦችም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ምድቡ የሚለካው ግን የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይደለም። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የአንጀት ካንሰርን አደጋ 18 በመቶ ይጨምራል ማለት፣ በብሪታንያ ከ100 ሰዎች 6 ያህል የነበሩት ታማሚዎች 7 ይሆናሉ ማለት ነው። በዓለም በየዓመቱ ከሲጋራ ጋር የተያያዘው የካንሰር ሞት 1 ሚሊዮን ያህል ሲገመት፣ ከተቀነባበረ ሥጋ ጋር የተያያዘው 34,000 ገደማ ነው።

በጃፓን ጉዳቱ ከዚህ የከፋ ነበር። በ2013 ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ከወሰዱ በኋላ የታመሙ ልጃገረዶችን ታሪክ ደጋግመው አቀረቡ። መንግሥትም ክትባቱን መምከሩን አቆመ፤ 70 በመቶ ገደማ የነበረው የተከታቢዎች ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ወረደ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሕመሞቹ በክትባቱ የመጡ ስለመሆናቸው ማስረጃ አላገኙም። ምክሩ የተመለሰው በ2022 ነው። ይኸው ክትባት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያም ይሰጣል፤ ስለዚህ የጃፓን ትምህርት ለእኛም ነው።

ጥፋቱ የጋዜጠኛ ብቻ አይደለም። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ጤና ጥናቶች ለጋዜጠኞች ያወጧቸውን 462 መግለጫዎች መርምረዋል። የእንስሳት ሙከራን ለሰው እንደሚሠራ አጋንኖ ያቀረበ መግለጫ ሲወጣ 86 በመቶው ዜና አብሮ አጋነነ፤ መግለጫው ሳያጋንን ሲቀር ግን ያጋነነው ዜና 10 በመቶ ብቻ ነበር።

እንግዲህ የካንሰር ዜና ሲያነቡ ሙከራው በአይጥ ነው በሰው፣ አደጋውስ ከስንት ወደ ስንት ከፍ አለ ብለው ይጠይቁ። በጋዜጣ ርዕስ ተመርተው ግን መድኃኒት አያቋርጡ፣ ክትባትም አይተዉ፤ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።